የሪሞቱ የኮድ ዝርዝር ለምን ቀረ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ሪሞቶችን እየዳበሰች መለየት ስለሚያስቸግራት፣ የኬብል ቴሌቪዥኑን ሪሞት ለድምፅ ማጫወቻዋም እንዲሠራ አደረግሁላት። ብዙ የኬብል ሪሞቶች ይህን ይችላሉ፤ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። በእኛው ሪሞት መጀመሪያ «ኦክስ» (AUX) የሚለውን ቁልፍ መጫን፣ ቀጥሎ «ሴትአፕ» (SETUP) የሚለውን የሪሞቱ መብራት ሁለቴ ብልጭ እስክትል ይዞ መቆየት፣ ከዚያ የመሣሪያውን ኮድ፣ ማለትም በኮዱ ዝርዝር ላይ ከአምራቹ ስም ሥር የተጻፈውን ቁጥር ማስገባት ነው። ኮዱን ከተቀበለ መብራቷ እንደገና ሁለቴ ብልጭ ትላለች። ማጫወቻው አሁንም ካልታዘዘ በዚያው አምራች ስም ሥር ያለውን ቀጣዩን ኮድ መሞከር ነው፤ የአንድ ኩባንያ ዕቃዎች እንኳ ሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት አይቀበሉምና። ሪሞቱ ራሱ መሥራቱን የተጠራጠረ የስልክ ካሜራ ፊት ይዞ ቁልፉን ይጫን፤ ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይታያል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የኮዱ ዝርዝር ነው። ከአሮጌው ሪሞታችን ጋር በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ መጥቶ ነበር፤ ከአዲሱ ጋር ምንም የለም። ደንበኞች አገልግሎት ስደውል «ሌላ ሪሞት ይግዙ» አሉኝ። ለደካማ አረጋዊት ይህ መልስ ነው? አቅራቢዎች ዝርዝሩን በደማቅና በትልልቅ ፊደል አትመው ከዕቃው ጋር እንዲሰጡ ጋዜጣችሁ ይጠይቅልን።

አንባቢያችሁ