ይድረስ ለተሽከርካሪ ምርመራ ቢሮ፦ አሮጌዋ መኪናዬ ምርመራው አይቅርባት፣ ግን በወጉ ትመርመር

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎት በፈረንጆቹ 1965 ስለተሠራች አንዲት ቮልስ ነው (ደብዳቤው ላይ ያለው አመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ ግን ለብዙ አመት ቆሞ የነበረ አሮጌ መኪና አስነስቶ ቦሎ ላስለጥፍ ያለ ሰው ሁሉ ራሱን ያገኝበታል ብዬ ስላሰብኩ ነው በአደባባይ የጻፍኩት። መኪናዋ ከአጎቴ ነው የደረሰችኝ፣ እሱ መንዳት ካቆመ ጀምሮ ሸራ ለብሳ ቆማ ነው የኖረችው። ሞተሯን አስነሳን፣ ፍሬኗን ፈተን ሠራን፣ ለምርመራ ወሰድናት፣ ወደቀች። መውደቋን ችዬው ነበር፣ የወደቀችበትን ወረቀት ሳነብ ነው ደሜ የፈላው።

ወረቀቱ ላይ አንደኛው ጉድለት ምን መሰልዎት፣ "የራዲያተር ውሃ፦ የለም" ይላል። አዎ የለም! የቮልስ ሞተር እኮ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ራዲያተር ኖሯት አያውቅም፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ አለምን ያዳረሰች መኪና ናት፣ አንዷም ራዲያተር አልነበራትም። መርማሪው ልጅ ይሄ ጠፍቶት እንዳይመስልዎት፣ እሱ ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው "አለ" ወይ "የለም" ብቻ ነው፣ "አይመለከተውም" የሚባል ምርጫ የለውም፣ አንዱን ሳይሞላ ደሞ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈውም። የመስታወት ውሃ መርጫ ፓምፕም እንደዛው። የሷ ውሃ የሚረጨው በታመቀ አየር ነው፣ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የላትም፣ ነክቼ አሳየሁት፣ መስታወቱ ላይ ፏ ብሎ ወጣ፣ ተሞላ፦ "ፓምፕ የለም"። የኋላ ወንበር ቀበቶ፣ የለም። ባለ ሶስት መያዣውን ቀበቶ ቮልቮ ያወጣው በ1959 ነው፣ አሜሪካ እንኳን አዲስ መኪና ላይ ቀበቶ ያስገደደችው ከ1968 ጀምሮ ነው፣ ከዛ በፊት የተሠራችን መኪና ለምን የለሽም ብሎ መጣል ምን የሚሉት ነው። (የፊት ወንበሮቹ ላይ በራሴ ፍላጎት አስገጥሜያለሁ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

የፊት መብራቷ "ደካማ" ተብሏል፣ እዚች ላይ ግን ልከራከር አልፈልግም። 6 ቮልት መኪና ናት፣ ለዛሬ አይን ከፋብሪካ ስትወጣም ደካማ ነበረች፣ ቢሆንም የቆየ መኪና ሽቦው ጫፍ ላይ ይዝጋል፣ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቩም ይዝጋል፣ 6 ቮልት ላይ ደሞ ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ከጠፋ ብዙ ነው። ማገናኛዎቹን ሁሉ ስናጸዳ የሚታይ ለውጥ አመጣች። መርማሪው ልክ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያ ሁሉ ጉድለት በተዘረዘረበት ወረቀት ላይ ጎማው "ጥሩ" ይላል።

አዲሶቹ ጎማዎች ገና ስላልደረሱልኝ መኪናዋን በክሬን ጭኜ ያመጣኋት በነበሩት ጎማዎች ነው፣ መርማሪው አይቶ ይጥላቸዋል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ጥርሱን ለካ፣ ብዙ አገር ከሚፈቀደው ዝቅተኛ 1.6 ሚሊሜትር በብዙ ይበልጣል፣ ጥሩ አለ። ጥርሱማ ይሞላል፣ ቆሞ የኖረ ጎማ በምን ይለቅ? ጎኑ ላይ ያለውን ኮድ ያየ ሰው ግን የለም። ከ2000 ጀምሮ የተሠራ ጎማ የቀን ኮዱ 4 አሃዝ ነው፣ ለምሳሌ 2314 ቢል በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የኔዎቹ 3 አሃዝ ነበራቸው። 3 አሃዝ ማለት ከ2000 በፊት ማለት ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፣ የዛሬ ሹፌሮች ግማሾቹ ሳይወለዱ የተሠራ ጎማ ነው እንግዲህ "ጥሩ" የተባለው። ጎንበስ ብሎ በባትሪ መብራት ላየው ሰው ጎኑ ላይ ስንጥቁ ይታያል፣ ውስጡ ደሞ ምን እንደሆነ መንገድ ላይ ሲፈነዳ ነው የሚታወቀው።

እና ነገሬ ይሄ ነው ክቡር ኃላፊ፣ ቅጻችሁ የተሠራው በመሄድ ብዛት ለሚያልቅ መኪና ነው። ቆሞ የኖረ መኪና የሚበላሸው በሌላ መንገድ ነው፣ የሚገድለውም ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ደሞ ቅጹ አይጠይቅም።

የፍሬን ዘይትን እንይ። ተራው፣ ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ይስባል። ዶት 4 ደረቅ እያለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ ውሃ ሲጠጣ ደረጃው የሚጠይቀው ወደ 155 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ መኪናው አይቆምም። ምርመራ ጣቢያ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ቀዝቃዛ ነው፣ ሮለሩ ላይ (ጎማውን እያዞረ ፍሬን የሚለካው ማሽን ነው) አንዴ ሲረገጥ ቁጥሩ ጥሩ ይመጣል፣ ያልፋል። ያው ውሃው ደሞ የብረት ቱቦውን ከውስጥ፣ እየጎማው ያለውን የፍሬን ፒስተን ደሞ እዛው ቆሞ ሳለ ያዝገዋል። የላስቲኩ ቱቦ ከዚህም የባሰ ነው፣ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ከውስጥ አብጦ ጠቧል፣ ሲረገጥ ዘይቱን ያሳልፋል ሲለቀቅ አይመልስም፣ አንዱ ጎማ እንደተያዘ ይቀራል፣ መሪው ወደ ጎን ይስባል። ስለዚ ምን ያህል እንደያዘ ከማንበብ ሌላ ሲለቀቅ ጎማው ወዲያው ነፃ መሆኑ ቢታይ፣ እጅ ፍሬኑም እንደዛው ምክንያቱም ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ይይዛል፣ በቃ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ለምንድነው በቮልስ ላይ ይሄን ያህል የማከረው? ምክንያቱም የ1965ቷ ፍሬን አንድ መስመር ነው። የዛሬ መኪና ፍሬኑ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ አንዱ ቢፈነዳ አንዱ ይተርፋል፣ አሜሪካም ይሄን ከ1968 ጀምሮ ግዴታ አድርጋለች። የሷ ግን አንድ ቱቦ ከተበሳ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም፣ የሚቀረው እጅ ፍሬን ብቻ። ከዚህ በላይ የሚመረመር ነገር ምን አለ? ወረቀቱ ላይ የፍሬን ቱቦ የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ፣ የራዲያተር ውሃ ግን አለ።

የነዳጅ ቱቦዋም ሌላ ታሪክ ነው። ታንከሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ቤንዚኑ መኪናዋን ሙሉ አቋርጦ ሄዶ መጨረሻ ላይ በአጭር የላስቲክ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይገባል። ያቺ ላስቲክ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፣ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሆን የድሮው ላስቲክ ጭራሽ አይችለውም። ከተሰነጠቀች የምታንጠባጥበው የጋለ ሞተር ላይ ነው፣ የቮልስ የሞተር ብሎክ ደሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ ማግኒዚየም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ቢያፈሱበት ይብስበታል። የቮልስ መካኒክ ሁሉ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት መጀመሪያ የሚቀይራት ያቺን ቱቦ ነው። መርማሪ ኮፈኑን ከፍቶ በጣቱ ጫን ቢያደርጋት ድርቀቷ ይታወቀዋል፣ ግን ማንም አላለውም።

ጭሱ ላይ ደሞ የለኩኝ ካታሊስት፣ ማለትም ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ፣ ባለው መኪና ልክ ነው። ካርቡራተር ያለው ካታሊስት የሌለው ሞተር፣ ምንም ያህል ቢስተካከል፣ እዛ አይደርስም። የአውሮፓ ህብረት የምርመራ ህግ እንኳን ካታሊስት ለሌላቸው አሮጌ መኪኖች እስከ 4.5 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈቅዳል፣ ከጥቅምት 1986 ወዲህ ላሉት 3.5፣ ካታሊስት ላላቸው ነው ከ1 በመቶ በታች የሚጠይቀው። እንግሊዞች ከነሐሴ 1975 በፊት ስራ ላይ የዋለውን ጭሱን በአይን ብቻ ነው የሚያዩት። በተሠራበት ዘመን ልክ ለኩኝና ከሱ ካለፈ ጣሉኝ፣ አልከራከርም፣ ምክንያቱም ያኔ እውነትም ካርቡራተሩ ቆሽሿል ወይ ውስጡ ያለው የቤንዚኑን መጠን የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ አልዘጋም ማለት ነው፣ ቆሞ የኖረ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ዝገት ላይ በአጭሩ። ላሜራ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ከስር በጥቁር ቅብ ተድበስብሶ የሚያልፍ መኪና ብዙ ነው። ማግኔት የስቱኮውን ወሬ ያወጣዋል። ቮልስ ላይ ደሞ ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ወለሉ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፣ ወንበሩን ማንሳት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንዳንድ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ይሄን ሲያነቡ ይቆጡኝ ይሆናል፣ የነሱ ጥያቄ አሮጌ መኪና ከምርመራ ነፃ ይውጣ ነው። እንግሊዝ ከግንቦት 2018 ጀምሮ 40 አመት ያለፋቸውንና ብዙ ያልተለወጡትን ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ አድርጋለች፣ ሆኖም ለመንገድ ብቁ የማድረጉ ኃላፊነት ከባለቤቱ ላይ አልወረደም። ጀርመን በሌላ በኩል 30 አመት ለሞላቸውና እንደተሠሩ ለቆዩት የተለየ የታሪካዊ መኪና ታርጋ ትሰጣለች፣ ምርመራው ግን አልቀረም። እኔ ከጀርመኖቹ ጋር ነኝ። ከኔ መኪና ፊት የሚያቋርጠው እግረኛ ስለ ሞዴሏ ውበት ምን አገባው፣ እሱ የሚፈልገው እንድትቆም ነው።

ስለዚ የምለምነው ነፃ እንድታወጡኝ አይደለም። ቅጹ ላይ "አይመለከተውም" የሚል ምርጫ ይጨመር፣ መብራቱም ቀበቶውም ጭሱም መኪናው በተሠራበት አመት መስፈርት ይታይ፣ ከዛ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ለነበረ መኪና የጎማ እድሜ፣ የፍሬን ዘይትና ቱቦ፣ የነዳጅ ቱቦና የወለል ዝገት የሚጠይቅ ተጨማሪ አንድ ገጽ ይኑር። የፍሬን ዘይት የሚፈላበትን ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፣ ብዙ ጋራዥ ይጠቀምበታል፣ ውድ ነገር አይደለም።

ሌላው፣ የመጣችበት መንገድ። ምርመራ ያላለፈ መኪና መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው፣ ምርመራ ለማለፍ ደሞ መንገድ ላይ ወጥታ መምጣት አለባት፣ እግርን አስሮ ሩጥ ማለት ይሄ ነው። በዛ ላይ ለዓመታት ቆሞ የኖረ ፍሬን ትንሽ ሳይነዳ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር፣ ማለትም ከጎማው ጋር ከሚዞረውና ሸራው ተጭኖ ከሚያቆመው ብረት ጋር፣ አይለማመድም፣ ሳይለማመድ ደሞ ሮለሩ ላይ የግራና የቀኙ እኩል አይይዝም፣ በክሬን የመጣ መኪና እዛች ላይ ቢወድቅ አይገርምም። እንግሊዞቹ ቀጠሮ የያዘ ሰው ወደ ምርመራው ጣቢያ እንዲነዳ ይፈቅዳሉ። ለኛም ኢንሹራንስ ይዞ፣ የተመዘገበ መካኒክ ፍሬኑንና መሪውን አይቶ ፈርሞ፣ በተወሰነ ቀንና በተወሰነ መንገድ ብቻ የሚያስኬድ ፈቃድ ይሰጠን። ለድጋሚ ምርመራ ስንመለስም የወደቅንበት ነገር ብቻ ይታይ፣ ያለፈውን ሁሉ እንደ አዲስ ከዜሮ መጀመር የናንተንም ሰው ጊዜ ነው የሚበላው።

አዲሶቹ ጎማዎች ደርሰውልኛል፣ አስገጥሜያቸዋለሁ። አዲሱን ቅጽ ስታዘጋጁ የምትሞክሩበት አሮጌ መኪና ካስፈለጋችሁ ቮልሷ ዝግጁ ናት፣ የመምጫ ፈቃዷን ብቻ አስቀድማችሁ ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የ1965ቷ ቮልስ ባለቤት