የአልጀብራ ፕሮግራም የሰጠን ቀመር እንዳለ ኮድ ውስጥ አይለጠፍ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፕሮግራሚንግ ትምህርት የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። አንድ ነገር ግን ሲነሳ አላየሁም። ተማሪዎች ማክሲማ በሚባለው የአልጀብራ ፕሮግራም ረጅም ዴሪቬቲቭ ያሠራሉ፣ ውጤቱን ኮፒ አድርገው በሲ ቋንቋ በሚጽፉት ኮድ ውስጥ ይለጥፉታል፣ ከዚያ ቁጥሩ ለምን እንደተሳሳተ ግራ ይገባቸዋል።

ማክሲማ የቁጥርን ኃይል የሚጽፍበት ምልክት (^) በሲ ቋንቋ ሌላ ሥራ አለው፤ የሁለት ሙሉ ቁጥሮችን ቢቶች (0 እና 1 አሃዞች) ያነጻጽራል። ስለዚህ 3^2 ብላችሁ 9 ስትጠብቁ 1 ታገኛላችሁ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለርም ስህተት ነው ብሎ አያስቆማችሁም። 1/2 ደግሞ ይብሳል። ሲ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ከነጥብ በኋላ ያለውን ስለሚጥል መልሱ 0 ነው፣ በዚያ ክፍልፋይ የተባዛው ሁሉ አብሮ ዜሮ ይሆናል!

መፍትሔው እኮ እዚያው መሣሪያዎቹ ውስጥ አለ። የፓይተን ቋንቋ የአልጀብራ መሣሪያ የሆነው ሲምፓይ «ሲኮድ» (ccode) የሚባል ፈንክሽን አለው፤ ኃይሉን ሲ በሚገባው መንገድ፣ ግማሹን ደግሞ 1.0/2.0 አድርጎ ይጽፈዋል። ማክሲማም ቀመሩን በፎርትራን ቋንቋ የሚጽፍ የራሱ ትእዛዝ አለው። ቀመሩ ገጽ ሙሉ ከሆነ የሲምፓይን «ሲኤስኢ» (cse) ሞክሩት፤ የሚደጋገመውን ክፍል ለይቶ ጊዜያዊ ስም ይሰጠዋል፣ ኮዱም ያንኑ ሳይን አሥር ቦታ አያሰላም።

መምህራን፣ እባካችሁ ይህን ገና በመጀመሪያው የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ አሳዩ። ልጆቹ ቅንፍ በእጅ ሲቆጥሩ ማደር የለባቸውም። ከዚያም ኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር አስገብተው፣ ያንኑ ቁጥር አልጀብራው ፕሮግራም ውስጥም አስገብተው ሁለቱን መልሶች እንዲያስተያዩ አስለምዷቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ