ለደብረ ብርሃን የልጆች ንባብ ቤት ጣሪያና ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ መደርደሪያው የቀረበ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትኖሩ የደብረ ብርሃን ልጆች በሙሉ፤

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የወረደው በረዶ የንባብ ቤታችንን ጣሪያ ይዞት እንደ ወደቀ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። አሸንዳው በበረዶ ተሞላ፤ የባሕር ዛፍ ወራጆቹ ክብደቱን አልቻሉትም። ሌሊት ስለ ነበረ ሰው አልተጎዳም፤ ለዚህ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ቆርቆሮው የተናደው ግን በሰሜኑ ግድግዳ በኩል፣ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መደርደሪያ ላይ ነው። ከ340 መጻሕፍት 112ቱ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። የቀሩትን በየቤታችን ተከፋፍለን ወስደን፣ በምድጃ ዙሪያ ገጽ በገጽ እየገለጥን አደረቅናቸው። ከኮሚቴው አባላት አንዷ እናት ለሁለት ሳምንት እንግዳ መቀበያ ክፍላቸውን ለመጻሕፍቱ ለቀዋል።

በነሐሴ መጀመሪያ ባቀረብነው የመጀመሪያ ጥሪ 187,500 ብር ተሰብስቧል። የሚያስፈልገን 640,000 ብር ነው። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ግን አንድም ገቢ አልመጣም። ደክሞናል፤ ይህን መደበቅ አንፈልግም። በየእድሩ ዞረናል፣ በየሱቁ ቆመናል፣ ስልክ ደውለን «እስቲ እናያለን» የሚል መልስ ተቀብለናል። ኑሮው እንደ ከበደ እናውቃለን፤ እኛም የምንኖረው እዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ልጆቹም በየቀኑ እየመጡ በተዘጋው በር ላይ ይቆማሉ።

ስንዞር ደጋግመን የሰማነው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጆቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ ይማሩ እንጂ የጨረቃ ተረት ምን ያደርግላቸዋል?» የሚል። ጥያቄው ከክፋት የመጣ እንዳልሆነ ስለምናውቅ በደንብ ልንመልሰው እንፈልጋለን።

ፈረንሳዊው ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ልብ ወለድ ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ ይልካል። ከ104 ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ በአፖሎ 11 ሦስት ሰዎች ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሥተው ወደ ጨረቃ ሄዱ። ይህን ስናነብላቸው ልጆቹ አጨበጨቡ። ነገር ግን የቬርን ተጓዦች የሄዱት በሮኬት አልነበረም፤ ወደ 270 ሜትር በሚረዝም መድፍ ተተኩሰው ነው። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ሲተኮሱ አይሞቱም?» አለ። የፊዚክስ መምህራችን ጠመኔ አነሡ። በሰከንድ ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፍጥነት በዚያች አጭር ርቀት ውስጥ ለማግኘት፣ ተሳፋሪውን የሚጫነው ኃይል ከራሱ ክብደት ከሃያ ሺህ እጥፍ በላይ እንደሚሆን ልጆቹ ራሳቸው አሰሉት። ሰውየው ይጨፈለቃል ማለት ነው። ያን ዕለት ማንም «ሒሳብ ሰለቸኝ» አላለም። የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ሥራው ይህ ነው፤ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ ይጀምርና ልጁን እስከ ስሌቱ ድረስ እጁን ይዞ ይወስደዋል። ቤተ ሙከራ በሌለበት አካባቢ የልጅ የመጀመሪያው ቤተ ሙከራ እንዲህ ያለ ታሪክ ነው ብለን እናምናለን።

ከእምነት አንጻር ስጋት ላላቸው ወላጆችም በአክብሮት የምንለው አለን። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ለዓለም ያቆየው ግእዝ ነው። ሄኖክ ወደ ሰማይ ተወስዶ የፀሐይን መውጫና መግቢያ በሮች፣ የጨረቃንም አካሄድ የሚያይበትን ክፍል አባቶቻችን በብራና ላይ ሲገለብጡ ኖረዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዛሬም ፀሐይና ጨረቃን ይቆጥራሉ። ሰማይን አይቶ የሚጠይቅ ልጅ ከቤቱ አልወጣም። ልጆቹ «የጠፈር መንኮራኩር» ሲሉ እንኳ መንኮራኩር የሚለውን ቃል አስቀድመን ያገኘነው በነቢዩ ሕዝቅኤል ራእይ ውስጥ ነው። ልጆቻቸው ከእኛ ጋር የሚያነቡ ሙስሊም ቤተሰቦችም ባለፈው ረመዳን ለወንበሮቹ ማሠሪያ ሰደቃቸውን እንዳመጡልን አንረሳም።

ትልቁ ችግራችን ሁልጊዜም የቋንቋ ነው። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን የላኩልን ሁለት ሣጥን መጻሕፍት እጅግ ጠቅመውናል፤ ሆኖም አብዛኞቹ እንግሊዝኛቸው ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይከብዳል። ለትንንሾቹ ስለ ሮቦት የተጻፉ አጫጭር ታሪኮች ይስማማሉ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ ረጅም ጉዞ፣ የጠፋች ከተማ፣ የጊዜ ጉዞ ይፈልጋሉ። ለእነዚህ በአማርኛ የሚሰጣቸው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት መምህራንና ልጆች አብረው የጻፏቸውን አሥራ ሁለት ታሪኮች በአንድ ጥራዝ አዘጋጅተን ለማሳተም ተቃርበን ነበር። ለኅትመቱ ያስቀመጥነውን ገንዘብ መጻሕፍቱን ለማዳንና ፍርስራሹን ለማንሣት አወጣነው።

ከታሪኮቹ አንዱን የጻፈችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየው ብርሃን መሆኑን ለደብረ ብርሃን ሰው መንገር አያስፈልግም። ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ የማይቀበሉትም አሉ። ልጅቷ ይህን ሰማችና ደብተሯን አወጣች። ኮከቡ በግምት በየ76 ዓመቱ ይመለሳል፤ መጨረሻ የታየው በ1978 ዓ.ም. ነው፤ የሚመለሰው በ2053 ዓ.ም. ነው፤ ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ወዲህ ስምንተኛው መመለስ ይሆናል። በታሪኳ ውስጥ የከተማዋ ሰዎች በዚያ ዓመት በራሳቸው መንኮራኩር ኮከቡን ሊቀበሉት ይወጣሉ፤ አዛዧም የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ዕድሜውን ያሰላችው ከራሷ ነው። ደብተሩ ከፍርስራሹ ሥር ሳይረጥብ ተገኘ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስታመጥቅ ይህች ልጅ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበረች፤ ዛሬ ይህን ትጽፋለች።

ስላለፈው ገንዘብ ሐሜት እንዳለ ሰምተናል፤ በግልጽ እንመልሳለን። ከሁለት ዓመት በፊት ከሰጣችሁን 386,000 ብር ውስጥ 148,000 ለመጻሕፍት፣ 92,000 ለመደርደሪያና ለአግዳሚ ወንበር፣ 81,000 ለወለልና ለመስኮት፣ 65,000 ለኮምፒውተርና ለማተሚያ ወጥቷል። ደረሰኞቹ በፋይል አሉ፤ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። «ጣሪያው ለምን አስቀድሞ አልተሠራም?» ለሚለው፣ አናጺ አስመርምረን ሦስት ዓመት ይቆያል ስለ ተባልን መጻሕፍቱን አስቀደምን። የወሰንነው እኛ ነን፤ ኃላፊነቱም የእኛ ነው። ነገር ግን ከዚያ ገንዘብ አንድ ብር ለማንም አበል አልተከፈለም።

አሁን ከሚያስፈልገው 640,000 ብር ውስጥ 430,000 ለጣሪያው ነው፤ በዚህ ጊዜ በብረት ማዋቀሪያ ይሠራል። 130,000 ለአማርኛው ጥራዝ ኅትመት፣ 80,000 የጠፉትን መጻሕፍት ለመተካት ነው። የጎደለው 452,500 ብር ነው። አንድ ቆርቆሮ የሚችል አንድ ቆርቆሮ ይስጥ፤ ጽዋ ማኅበሮችና እድሮች በጋራ አንድ ወራጅ ብትይዙልን ሸክሙ ይቀላል።

የባንክ ሒሳቡ አልተለወጠም። በንባብ ቤቱ ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተከፈተው፣ በቀድሞ ደረሰኞቻችሁ ላይ የታተመውና በበሩ ላይ የተለጠፈው ያው ቁጥር ነው። ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ብቻ ነው። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ፤ በግለሰብ ስልክ ቁጥር ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ከእኛ አይደለም። ስትልኩ በምክንያቱ ቦታ «ለጣሪያ» ወይም «ለመጽሐፍ» ብላችሁ ጻፉ። ከውጭ አገር የምትልኩም እንደዚሁ ጻፉ፤ ባለፈው ጊዜ ምክንያት ያልተጻፈበት ገንዘብ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ወር ፈጅቶብናል።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የተረፈውን ቆርቆሮ እናወርዳለን። ጓንትና መሰላል ያለው ይዞ ይምጣ፤ ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ ይርዳን። ቡና እናፈላለን። በእጅ የምትሰጡም ካላችሁ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ፤ የሒሳብ ቁጥሩ በበሩ ላይ ነው፣ አልተለወጠም።

የንባብ ቤቱ አስተባባሪ ኮሚቴ
ደብረ ብርሃን