ፈንጣጣን ያጠፋነው በሰላም ዘመን አልነበረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በዚሁ ገጽ አንድ ወጣት «ከዚህች አገር ምንም አይጠበቅም» ብሎ ጽፎ አነበብኩ። ጋዜጣው እጄ የገባው ፒያሳ ቡና የምጠጣበት ቤት ነው፤ ከሦስት ሰው በኋላ፣ ጥጉ በስኒ ተነክሮ። ልጁን አልቆጣውም። እኔም ይህን የምጽፈው ሰፈራችን ውኃ ከጠፋ በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ትናንት ማታም ተኩስ ስንሰማ ነው ያደርነው። ጤፍ ስንት እንደገባ ሁለታችንም እናውቃለን። ያየሁትን ብቻ ልንገረው።

ሥራዬ ሳኒቴሪያን ነበር፤ የተማርኩት እዚሁ ጎንደር፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው ለፋሲል ግንብ ተብሎ አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበር። ሐኪም እስኪደርስ መጠበቅ ስለማይቻል ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን እየሠለጠኑ ገጠር ይወጡ ጀመር። የእኛ ድርሻ ምንጭ ማጎልበትና ሽንት ቤት ማስቆፈር ነውና ገበሬው «የጉድጓድ ሐኪም» ይለን ነበር። እውነቱን ለመናገር ስሙ አስከፍቶኝ አያውቅም።

በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር ከጉድጓዱ አውጥተው በቅሎ ሰጡን። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በአገሪቱ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኛ ተመዘገበ። የእኛ አገሩ ፈንጣጣ ብዙ ገዳይ ስላልነበረ ሰው እንደ ክፉ ዘመድ ችሎት ይኖር ነበር፤ ፊት ይበሳሳል፣ አንዳንዱንም ያሳውራል። መርፌያችን ጫፏ እንደ መንታ ጥርስ ነው፤ ክንድ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ። እሱ ቀላል ነበር። የቸገረን ገበሬው ከእኛ በፊት የራሱ ክትባት የነበረው መሆኑ ነው፤ አዋቂ የሚባለው ሰው ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ ጤነኛውን ይከትባል። «እኛማ ድሮ ተከትበናል» ብለው ይሸኙናል። ያ ክትባት ራሱ በሽታውን እንደሚያዛምት ማስረዳት ስንት ሌሊት ፈጀ! ከዳባት ወዲያ አንዲት እናት ልጆቿን ጎተራ ውስጥ ደብቃ ሦስት ቀን አስለምናኛለች። በአራተኛው ቀን የደብሩ ቄስ መጥተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀድመው ቢወጉ፣ ልጆቹን ጎትታ ያመጣችው እሷው ናት።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። ወሎ በረሃብ አለቀ፣ በ1967 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ወረዱ፤ አንዱ ጫካ ገባ፣ ሌላው ወህኒ ወረደ። መንገዱን ዛሬ የያዘው ነገ አይገኝም። እኛም ማታ ማታ «አለቀላት ይህች አገር» እንባባል ነበር፤ ሲነጋ መርፌያችንን ቀቅለን እንወጣለን። ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ የተገኘው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሆነ። በዚያ ክረምት ከተሞቻችን ምን ይመስሉ እንደነበር ልጁ አያቱን ይጠይቅ።

ያ ድሮ ነው የሚለኝ ካለ፣ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት 67 ደረሰ። በመካከሉ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በየቀበሌው ተሰማርተዋል። ከነሱ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ቆላ ድባ አካባቢ ትሠራለች። ደመወዟ ለወር አይበቃም፣ በምትሠራበት አካባቢ ወባውም ሰሞኑን አገርሽቷል፤ ይህንንም አልደብቅም።

ባለፈው ክረምት መንገድ ተዘግቶ መኪና በጠፋበት ሰሞን ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዛ በእግሯ ስትሄድ ታጣቂዎች አስቆሟት። የማን ወገን እንደሆኑ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ሳጥኑን አስከፍተው አዩ። አንደኛው ዝም ብሎ ቆይቶ የመንደሩን ስም ጠራና፣ «የእኔ ልጅ ኩፍኙን ተከትባለች?» አላት። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ መዝገቧን ገልጣ ፈለገችለት። «አንዱን ወስዳለች፤ ሁለተኛው ይቀራታል» አለችው።

ጡረተኛ ሳኒቴሪያን
ከጎንደር