ወንድማችን በሁለት እግሩ ቆሟል፤ እናመሰግናለን

በጸሎት፣ በስልክ፣ በምግብና በገንዘብ አብራችሁን ለነበራችሁ ሁሉ፦ ወንድማችን ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ብዙዎቻችሁ “ለመሆኑ ምን ነክቶት ነው?” ስትሉን ነበር። ያኔ ቁጭ ብሎ ለማስረዳት አቅሙም አልነበረን። ነገሩ የጀመረው እንደ ጉንፋን ነው። ቫይረሱ የልቡን ጡንቻ አጠቃውና ልቡ ደም መግፋት አቃተው። መድኃኒትም አልበቃ አለ። በመጨረሻ ኤክሞ የሚባለው ማሽን ላይ አደረጉት። ማሽኑ በብሽሽቱ በኩል የጠቆረውን ደም ይስባል፤ ኦክሲጅን ይሰጠዋል፤ ቀይ አድርጎ ወደ ሰውነቱ ይመልሳል። በደቂቃ ከ4 ሊትር በላይ!

እማዬ “ሊሞክሩበት ነው እንዴ?” ብላ ስትጨነቅ፣ የሌሊት ተረኛ የሆነው የአገራችን ልጅ አጠገቧ በርከክ አለ። “እማማ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በአደጋ የተጎዳ የ24 ዓመት ወጣት ድኖበታል፤ አዲስ ነገር አይደለም” አላት። ያቺን ሌሊት ነው ትንሽ እንቅልፍ የወሰዳት። የሌሊቱ ተረኛ ወንድሜ፣ ክፉ አይንካህ።

ማሽኑ ግን ብቻውን የሚተው አይደለም። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጡታል፤ ሲበዛ ደግሞ ያደማል። የማሽኑ ባለሙያ በየፈረቃው የእጅ ባትሪ እያበራ፣ ደሙ ኦክሲጅን የሚያገኝበት ክፍል ላይ የረጋ ደም ይፈልጋል። ቱቦው መርገብገብ ሲጀምር እኛ ክው እንላለን፤ እሱ ቁጥሩን አይቶ “ፈሳሽ አንሶት ነው” ይላል። ለዚያ እርጋታው ብቻ ዕድሜ ይስጠው።

የእግሩ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ደም የሚመልሰው ቱቦ ወፍራም ስለሆነ ወደ እግር የሚወርደውን ደም ሊዘጋ ይችላል። ለዚያ ብለው ሌላ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች አስገብተውለታል። ይህም ሆኖ ነርሷ አላመነችውም። በየሰዓቱ ብርድ ልብሱን ትገልጣለች። ጣቶቹን ትዳስሳለች፤ ከሌላኛው እግር ጋር ታስተያያለች። ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ በእስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አድርጋለች። እዚያ ላይ ጄል ቀብታ ዶፕለሩን፣ የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማውን መሣሪያ፣ ታስጠጋና ታዳምጣለች። መጀመሪያ ሰሞን የሚሰማው ሳይቆራረጥ የሚሄድ “ሽሽሽ” ነበር፤ ማሽኑ የሚገፋው ደም ትርታ የለውም።

አንድ ሌሊት እግሩ ቀዘቀዘ፤ ድምፁም ሳሳ። ዶክተሮቹ ለጉብኝት እስኪመጡ አልጠበቀችም፤ ወዲያው ጠራቻቸው። ለካ ቀጭኑ ቱቦ ታጥፎ ኖሯል። ተስተካከለ፤ እግሩም ሞቀ። ዛሬ በሁለት እግሩ የቆመው በእሷ ነው ብል አላጋነንኩም። ስሟን ባልጽፍም እሷ ራሷን ታውቃለች።

ቆይቶ ደግሞ ያ “ሽሽሽ” ይቆራረጥ ጀመር። ሹ... ሹ... ሹ። መጀመሪያ ያስተዋለችው እማዬ ናት፤ አንዲት ቃል እንግሊዝኛ ሳታውቅ “መጣ! መጣ!” ብላ ተነሣች። እውነትም የገዛ ልቡ ደም መግፋት ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ልቡን በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) እያዩ የማሽኑን ጉልበት ቀስ በቀስ ቀነሱት፤ ልቡ እንደሚችል ሲያረጋግጡም ነቀሉት።

እማዬን ሌሊት ሳትሉ ያመላለሳችሁ የኡበር ሾፌር ጓደኞቹ፣ የቤት ኪራዩን የሸፈናችሁ የእድር አባላት፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመጣችሁ ጎረቤቶች፣ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈል። ማንነታችሁን ሳናውቅ ደማችሁ የደረሰለት ለጋሾችም እንደዚሁ። ሲደማ የተተካለት የእናንተ ደም ነው።

ሊጠይቀው የምትፈልጉ ከሰዓት በኋላ ኑ፤ ጠዋት ጠዋት የእግር ማጠናከሪያ ስፖርት ይሠራል። ዶሮ ወጥ የምታመጡ እባካችሁ ጨው ቀንሱ፤ ሐኪሙ ከልክሎታል። እሱ “ይህንን እንዳትጽፊ” ብሎኝ ነበር።

እህቱ፣ በቤተሰቡ ስም
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ