የሐይቁ ጠበቃ ከሐይቁ ዳር ይፈለግ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ አንድ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ አየሁ። መደቡ በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ የአካባቢ ጥበቃንና የነዋሪዎችን ሰብዓዊ መብት አጣምሮ የሚይዝ ፕሮጀክት ኃላፊነት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በከተማችን እንዲጀመር ስመኝ ስለኖርኩ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ደስታዬ ቀዘቀዘ። ሁለተኛ ዲግሪ፣ የ8 ዓመት የሥራ ልምድ፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገርና መጻፍ፣ ገንዘብ የማፈላለግ ችሎታ ይላል። የሥራው ቦታ አዲስ አበባ ሆኖ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሐዋሳ የመስክ ጉዞ ይኖረዋል። ሲዳምኛ መቻል አልተጠየቀም። ሐይቁን ማወቅም አልተጠየቀም። ለአንድ ተበዳይ አቤቱታ ጽፎ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ የሚባለው ልምድ ጨርሶ አልታሰበም።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳነብ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ስማቸው የተለያየ ድርጅቶች ተመሳሳዩን መስፈርት ሲያወጡ አይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው የሚፈልጉት መሪ ማን እንደሆነ ስለሚያስጨንቀኝ ነው።

እኔ 31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ይዤ ታቦር ተራራ እወጣና ሐይቁን ቁልቁል እያሳየሁ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፤ «ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ የሚወጣው ወንዝ የትኛው ነው?» ልጆቹ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ይፈልጋሉ። አያገኙም፤ የለማ! 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሸፍነው ከዚህ ሐይቅ ተነሥቶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውኃው በትነት ወደ ሰማይ ሲሄድ ጎርፍ ይዞት የገባው አፈር፣ ዘይትና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ሐይቁ ዳር የሚኖረው ሰውም እንዲሁ ነው። የፕሮጀክት ባለሙያው ውሉ ሲያልቅ ሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ዓሣ አጥማጁና ዓሣ አጣቢዋ ግን ወዴት ይሄዳሉ?

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ4 ዓመት በፊት አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ እያጠቡና እየበለቱ የሚተዳደሩ ሴቶች አንድ ነገር አስተዋሉ። ከመንገድ ማዶ ካለ የመኪና ማጠቢያ የሚወጣው ውኃ በጎርፍ መውረጃው ቦይ አድርጎ እነሱ ከሚሠሩበት ጥግ አጠገብ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ጠዋት የውኃው ፊት በዘይት ያብለጨልጫል። ከሴቶቹ አንዷ፣ ከ2ኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጠች የ5 ልጆች እናት፣ ለ11 ቀናት በየማለዳው ከዚያው ቦታ በውኃ ፕላስቲክ እየቀዳች፣ በክዳኑ ላይ ቀኑን ልጇን እያስጻፈች ቤቷ ውስጥ ደረደረችው። ጠርታኝ ሄድኩ። 11ዱ ፕላስቲኮች መስኮቱ ሥር በተርታ ቆመዋል፤ ዘጠኙ ላይ የዘይቱ ቀለበት ከአንገታቸው ሥር ይታያል። ሁለቱ ግን ጥርት ያሉ ናቸው።

«እነዚህስ?» አልኳት።

«እትዬ፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት ሰፈሩ ውኃ ጠፍቶበት ነበር። ማጠቢያው ተዘግቶ ነው የዋለው» አለችኝ።

በ31 ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ማስረጃ ሰብስቦ ያመጣልኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

አቤቱታ ይዘን ሄድን። በመጀመሪያ የላቦራቶሪ ውጤት አምጡ ተባልን። በሌላ ቀን ደግሞ «እናንተ በግላችሁ ምን ተጎዳችሁ?» የሚል ጥያቄ ቀረበልን። ቤቴ ገብቼ ሕጉን አገላበጥኩ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ላይ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በተሰጠው ውሳኔ ካልረካ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። አንቀጹን በትልልቅ ፊደል ገልብጬ ሰጠኋት። ልጇ እያነበበላት በቃሏ አጠናችው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሰኞ፣ የዓሣ መበለቻ ቢላዋዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ያንን ወረቀት ይዛ ቢሮው ደጃፍ ትቆም ነበር። በ26ኛው ቀን ተቆጣጣሪዎች መጡ። ማጠቢያው ዘይት ማጥለያ ጉድጓድ እንዲቆፍር ታዘዘ፤ ቆፈረም።

የዚያኑ ዓመት መጨረሻ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተካሄደ። የሰብሳቢ ምርጫ ሲደርስ እጄን አውጥቼ እሷን ጠቆምኩ። አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ወንድማችን ተነሡ፤ ክፋት አልነበራቸውም፣ በቅንነት ነው የተናገሩት። «ጠንካራ ሴት ናት፤ ነገር ግን ለጋሾች ሲመጡ ማን ያነጋግራቸዋል?» አሉ። ሌላው ተቀብለው «ገንዘብ ያዥ ትሁንልን፣ ሴቶች ታማኝ ናቸው» አሉ። ተጨበጨበ። በስንቱ ማኅበር ይህንኑ አይቻለሁ። ሴት የገንዘብ ሣጥኑን እንድትጠብቅ ትመረጣለች፤ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚወሰንበት ወንበር ላይ ግን ሌላ ሰው ይቀመጣል። ከአዳራሹ ስንወጣ ቅሬታዋን እጠብቅ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ግን «ሰኞ ቢሮ ማን ይሄዳል?» ብላ ነው።

ማንም አልሄደም። በክረምቱ የማጥለያው ጉድጓድ ሞልቶ ዘይቱ እንደገና ቦዩን ይዞ ወረደ። አዲሱ ሰብሳቢያችን ሌላ ከተማ ሥልጠና ላይ ነበሩ። እሷ ደግሞ በማኅበሩ ስም ደብዳቤ የመፈረም ሥልጣን አልነበራትም።

አካባቢና መብት በአገራችን እንዴት እንደተለያዩ ሳስብ የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ትዝ ይለኛል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከለ። ስለዚህ ብዙዎች ዓላማቸውን ለወጡ። ችግኝ መትከል ይቻላል፣ ችግኙ የተነቀለበት ገበሬ ስለ መሬቱ መብት ሲጠይቅ አብሮ መቆም ግን አይቻልም። በእነዚያ 10 ዓመታት የሠለጠኑ መሪዎች አካባቢን የቴክኒክ ጉዳይ አድርገው ተማሩት፤ አፈር፣ ውኃ፣ ጉድጓድ፣ እርከን። ስለ በደል መናገር ከሥራ ዝርዝራቸው ወጣ። ያ ሕግ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል፤ ድርጅቶች ዛሬ ለሕግና ለፖሊሲ ለውጥ መሟገት ይችላሉ። ክልከላው ተነሥቷል፤ ልማዱ ግን በመሪዎቹ አመራረጥ ውስጥ እስካሁን አለ።

ሕገ መንግሥታችን እኮ ሁለቱን አልለያያቸውም። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት ያደርገዋል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሲፈጸም ጉዳዩ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዝዛል። ይህ የተጻፈው በ1987 ዓ.ም. ነው። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2014፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህንኑ መብት በ161 ድምፅ ሲያጸድቅ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 8 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዜናውን ስሰማ በጣም አዘንኩ። በራሳችን ሕገ መንግሥት የያዝነውን መብት ለዓለም ለመመስከር ለምን ዝም አልን?

የተማረ ሰው አይምራ ማለቴ አይደለም። የኬንያዋ ዋንጋሪ ማታይ ፕሮፌሰር ነበሩ። የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጀምሩ ግን ችግኝ የማፍላቱንና የመትከሉን ሥራ የሰጡት ለገጠር ሴቶች ነው፤ ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች ይሏቸው ነበር። ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ተሟግተው አስቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ዛፍ መትከልና መብት መጠየቅ አንድ ሥራ መሆኑን ዓለም አወቀላቸው። ከእኛም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ፤ የጂኦግራፊ ሰው በመሆናቸው ሁልጊዜ እኮራባቸዋለሁ። የገጠሩን ረሃብ ሲያጠኑ ኖረው በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን መሠረቱ። ዝናብ ስለጠፋ ብቻ ሰው እንደማይራብ ያወቀ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ከሁሉም የምትቀርበን ግን የከምባታዋ ቦጋለች ገብሬ ናት፤ ነፍሷን ይማር። እስራኤልና አሜሪካ ተምራ ስትመለስ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም ነበር ሐሳቧ። ሕዝቡን ምን እንደሚቸግረው ስትጠይቅ ድልድይ አሏት፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ የሚሻገሩበት። አስቀድማ ድልድዩን አሠራች። ከዚያ ነው የከበደውን ነገር ስታነሣ ሰው የሰማት።

በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነገር ሲነሣ «አፊኒ» ይባላል፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ሳይሰማ ውሳኔ የለም። ሸንጎው የወንዶች ሆኖ መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን የሲዳማ ሴቶችም ሲቆ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በደልን የሚቃወሙበት ያካ የተባለ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። መሪ የሚወጣበት ባህል አጥተን አይደለም የሥራው ቦታ አዲስ አበባ የሚሆነው።

አንድ እውነተኛ ሥጋት አለ፤ አልሸሽገውም። እዚሁ የሚኖር መሪ ይፈራል። የሚከሰሰው ሰው ጎረቤቱ፣ የእድሩ አባል፣ የልጁ አሠሪ ሊሆን ይችላል። ያቺ ሴት ሰኞ ሰኞ ቢሮ በምትቆምበት ወር ዓሣ አንገዛሽም ያሏት ደንበኞች ነበሩ። መልሱ ግን ከሩቅ ሰው ማምጣት አይመስለኝም። ኃላፊነቱን ለሁለት ሰዎች አካፍሉት፤ አንዱ ሕግና ሪፖርት የሚያውቅ፣ አንዷ ከሐይቁ ዳር የምትኖር፣ ሁለቱም እኩል የሚፈርሙ፣ ደመወዛቸውም የሚቀራረብ። ሥጋት ሲመጣ ድርጅቱ ደብዳቤውን በራሱ ማኅተም ያውጣ፤ ዱላው የብቻዋ አይሁን። የሥልጣን ዘመኑም ይወሰን፤ በአንድ ሰብሳቢ 12 ዓመት የቆየ ማኅበር አይቻለሁ፣ ሰብሳቢው ሲታመሙ ማኅበሩም ተኛ። እንግሊዝኛው ደግሞ በአስተርጓሚ ይፈታል። ሒሳብ ሠራተኛ እንቀጥር የለም? አስተርጓሚም እንቅጠር። ሐይቁን በየማለዳው የሚያይ ዐይን ግን በቅጥር አይገኝም።

ለድርጅቱ ይህንኑ ጽፌ ልኬያለሁ። ማስታወቂያው ላይ ሦስት መስመሮች እንዲጨመሩ ጠይቄያለሁ፤ የሥራው ቦታ ሐዋሳ ይሁን፣ ሲዳምኛ መቻል ይጠየቅ፣ ለቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው ሁሉ «እስከ ዛሬ የማንን አቤቱታ ይዘህ ማን ዘንድ ሄደሃል? ምን ውጤት አገኘህ?» ተብሎ ይጠየቅ።

የማመልከቻው ጊዜ 10 የሥራ ቀናት ነው። ትናንት ዓሣ አጣቢዋ ቤቴ መጥታ ማመልከቻዋን አብረን ጻፍን። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፣ ልጇ መልሶ አነበበላት። የትምህርት ማስረጃ በሚለው ቦታ ላይ የአቤቱታውን ቅጂና ከመሥሪያ ቤቱ በ26ኛው ቀን የተጻፈውን መልስ አያይዘናል። ነገ ጠዋት ዓሣው ከመግባቱ በፊት ፖስታ ቤት እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት
ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ