የቅማል መድኃኒት ቀብተን ቅማሉ ለምን አይጠፋም?

ውድ አባላት፣

«መድኃኒቱን ቀባሁላት፣ ግን ቅማሉ ተመለሰ» የሚል ወላጅ በዝቷል። ብዙውን ጊዜ ቅማሉ ተመልሶ ሳይሆን ከቅጫው አዲስ ተፈልፍሎ ነው።

በብዛት የሚታዘዘው ባለ 1 በመቶ ፐርሜትሪን ቅማሉን ይገድላል፤ ቅጫውን ግን ያልፈዋል። ቅጫ ደግሞ በሳምንት ከምናምን ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ በ9ኛው ቀን አካባቢ መድገም ግድ ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ኮንዲሽነር አትጠቀሙ፤ መድኃኒቱን ያዳክመዋል።

ከቀባችሁ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቆይታችሁ ስታዩት ቅማሉ እንደ ድሮው የሚርመሰመስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ አገሮች ቅማሉ ፐርሜትሪንን ተላምዷል። ያንኑ ደጋግሞ መቀባት የልጅቷን ቆዳ ማስቆጣት ብቻ ነው። ፋርማሲስት ጠይቁና ቀይሩ። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ዳይሜቲኮን ለሚባለው የሲሊኮን ቅባት ነው። ቅማሉን ሸፍኖ ስለሚገድለው በቀላሉ አይላመደውም። ባለ 0.5 በመቶ የአይቨርሜክቲን ሎሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ከተቀባ ይበቃል።

የትኛውንም ብትቀቡ ማበጠሩን አትተዉ። ፀጉሩ እርጥብ እያለ፣ ጥርሱ በጣም ጠባብ በሆነ ማበጠሪያ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ጥቂት ጥቂት እየከፈላችሁ አበጥሩ። በየመሃሉ ማበጠሪያውን በነጭ ሶፍት ጥረጉትና እዩት። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ገና አልጠፋም። ከራስ ቆዳው የራቀ ቅጫ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነውና አትደንግጡ።

እባካችሁ ነጭ ጋዝና ፍሊት የልጅ ራስ ላይ አታድርጉ! ያቃጥላል፣ ይመርዛል። የቤቱን ሰው ሁሉ ፈትሹ፤ ቅማል የተገኘበትን በሙሉ በአንድ ቀን አክሙ።